የሦስት ቋጠሮ እንቆቅልሽ

ጎባ፤ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለአቶ ተክለማርያም፤ ጅቡቲ።

የባሕሩ ንፋስም የአገሩ ፀሐይም ሳይጎዱህ ይህች ወረቀት በጤና ታግኝህ። እኔ እህትህ ሠርከአዲስ ከወገቤ ሕመም በቀር ከነልጄ ደኅና ነኝ። ጎባም ብርዷን እንደያዘች አለች። አንተ እዚያ በላብ ስትታጠብ እኛ እዚህ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን መቀመጣችንን ስታስበው መቼም ሳትቀና አትቀርም።

ወሬው ምን መሰለህ፤ ሸዋዓለም ልትዳር ነው! አዎ፣ ያቺ አዝለህ ስትዞር ትከሻህ ላይ የምትተኛብህ ልጄ። ልጁ በዳሶ ይባላል፤ ክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው። እዚህ ሆስፒታል ድሬሰር ነው። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ዲንቄ፣ በነሱ አጠራር አዴ ዲንቄ፣ ጎሮ ትኖራለች። ኦሮሞዎች ናቸው። እውነቱን ልንገርህ አይደል፣ መጀመሪያ ስሰማ ፊቴን አጥቁሬ ነበር። ጎረቤቶቼም «የአባትሽ የግራዝማች የልጅ ልጅ ሰው ጠፍቶ ነው?» እያሉ አፋቸውን ሲያጣምሙ አንገቴን ደፋሁ። ኋላ ልጁን ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ምን ልበልህ! ወገቤን መርፌ ሲወጋኝ እጁ መቅለሉ፣ ከወጋኝ በኋላ ደግሞ እኔ ያመመኝን ያህል እሱ ፊቱን መቋጠሩ። አሁን የማፍረው በዚያን ጊዜ ማፈሬ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎቹና እናቱ ይመጣሉ። የቤታችንን ወግ ታውቀዋለህ፤ ልጃችንን ሊጠይቅ የመጣ ሰው የዕቃ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ማዕድ አይቀርብለትም። የኔው ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባባ ከሰፌድ ሥር የደበቀውን ሽንኩርትና ጫማ ይዞ ግቢው መሀል ላብ በላብ ሆኖ መቆሙ ትዝ ይልሃል? አባባ እኮ እስኪያነባ ነው የሳቀው። አሁን አባባ የለ። ከዘራችን የእንቆቅልሽ ሰው አንተ ብቻ ቀርተሃል። እባክህ አንድ ያማረ ሥራልኝ። ብቻ ከባድ አይሁን፤ ሴትየዋን በሰው ፊት እንዳላሳፍራት።

እህትህ ሠርከአዲስ


ጅቡቲ፤ ኅዳር 6 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለወይዘሮ ሠርከአዲስ፤ ጎባ።

እትዬ፣ እንደ እናት ያሳደጉኝ እጆችዎ ሁሌም ጤና ይሁኑልኝ። እኔ በመጋዘን ጸሐፊነቴ እንዳለሁ አለሁ፤ ሙቀቱም እኔን ማቅለጥ ሰልችቶት ትቶኛል። የሸዋዓለምን ወሬ ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አለቃዬ አብዷል ብሎ በመስኮት ተመለከተኝ።

እንቆቅልሹ እነሆ። ሰባት ሌሊት አስቤበታለሁ፤ ግጥሙን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፦

በወርቅ የማይገዛ፣ በጉልበት የማይመጣ፣
ከሠርግም ከለቅሶም ከቶ የማይታጣ፣
ስሙን ከፈለጋችሁ ጠፍሩን ተከተሉ፣
ከየቋጠሮው ሥር አለላችሁ ፊደሉ።

ጠፍሩ የአባባ ቃላድ ነው። በየቋጠሮው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ መሬት ሲለካበት የኖረው፤ ሣጥኑ ውስጥ አለ አይደል? ከበር እስከ አጥሩ ይዘርጉትና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቋጠሮዎች ይጠቀሙ። ከአንደኛው ሥር ዘነዘና፣ ከሁለተኛው ሥር መስተዋት፣ ከሦስተኛው ሥር ድር አስቀምጠው በየላዩ ሰፌድ ይድፉበት። የየዕቃውን ስም መነሻ ፊደል የገጣጠመ «ዘመድ» የሚለውን ያገኛል። አያምርም? ለመስተዋቱ አይጨነቁ፤ ዳር ዳሩ ባለ አበባ የሆነ በነጋዴው በማሜ እጅ ልኬአለሁ።

አደራ፣ ሌላ ገመድ አይሁን። የአባባ እጅ ያለበት ነው ወጉን ወግ የሚያደርገው። የልጁ እናት አንዱን ጫፍ ትያዝ፤ እንግዳን ጫፍ ማስያዝ ማክበር ነው። መፍታት ካቃታቸው ደግሞ እንደ ጨዋታው ደንብ «አገር ስጡኝ» ይበሉና የፈለጉትን አገር ተቀብለው ይንገሡባቸው!

ወንድምዎ ተክለማርያም


ጎባ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተክሌ።

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ሰላም ሁን። መስተዋቱ ሳይሰበር ደረሰ። ሸዋዓለም ከፊቱ አልነሣ ብላ ሥራ አስፈታችኝ እልሃለሁ። ግጥሙንም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጓዳ ገብቼ ስለው ድመቷ እንኳ ታዳምጠኛለች።

ቃላዱን ከሣጥን አውጥቼ ቅቤ ቀባሁት፤ ደርቆ ነበር፣ አሁን ለሰለሰ። አንድ ነገር ብቻ። ሸዋዓለም «በሌላ ገመድ ብናደርገውስ?» አለችኝ። ለምን ስላት «እንዲሁ፣ አሮጌ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። አሮጌ ነው ትላለች፣ የአያቷን ዕቃ! ያሁን ልጆች ሁሉንም ከሱቅ መግዛት ነው የሚወዱት። ተቆጥቼ ዝም አሰኘኋት።

ጥር 15 ይመጣሉ። ጸልይልኝ።

እህትህ ሠርከአዲስ


ጅቡቲ፤ የካቲት 10 ቀን 1951 ዓ.ም.

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ።

እህስ? ፈቱት ወይስ አገር ሰጡዎት? ግጥሙን ሰው እንዴት ተቀበለው? «በጉልበት የማይመጣ» የምትለዋ ላይ ቆም ብለው አነበቡ? እዚህ ላሉት ያገሬ ሰዎች አስቀድሜ ነግሬአቸው ሁሉም ወሬውን ይጠብቃሉ። ለሠርጉ ምን ልላክ? ጫማ ወይስ ጨርቅ? የልጅቷን የእግር ልክ በክር ለክተው ይላኩልኝ።

ወንድምዎ ተክለማርያም


ጅቡቲ፤ መጋቢት 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

እትዬ፣ በደኅና ነው?

ዝምታዎ አስፈራኝ። ማሜን ድሬዳዋ አግኝቼው «እህቴ እንዴት ናት?» ብለው «ደኅና ናት» አለና ወዲያው ስለ ማር ዋጋ ማውራት ጀመረ። ይኼ ሰው ወሬ የሚያልፈው ሰው አልነበረም። ምን ሆነው ነው? በእንቆቅልሹ ተቀየሙኝ? ከበዳቸው? ከከበዳቸው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ቀላል እሠራለሁ።

ወንድምዎ


ጎባ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተክለማርያም።

ጤና ይስጥህ። ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም። ምን ብዬ ልጻፍልህ? ስጀምር ስቀድ፣ ስጀምር ስቀድ ሁዳዴ አለቀ። የእግሯን ልክ በክር ላኪ ብለኸኝ ነበር። ክር ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ ብልህ ታምነኛለህ?

መጡ። ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ለብሰው፣ አዴ ዲንቄ የሪራ ጫካ ማር በቅል ይዛ። ቀጭን ሴት ናት፣ ስትናገር ድምጿ አይሰማም። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የኛን እንቆቅልሽ ሊያይ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እኔም በደስታ እየተፍነከነክሁ ቃላዱን ከቤት ይዤ ወጣሁና አንዱን ጫፍ ዘረጋሁላት። «አዴ ዲንቄ፣ ጫፉን ያዢልኝ!» አልኳት። ይህ አፌ! አፈር ይብላው!

ያዘች። ቀዩን ጨርቅ አየችው። ቀና ብላ በራችን ላይ የተሰቀለውን የአባባን ፎቶግራፍ አየችው። ከዚያ አላነሣችም ዓይኗን። እኔ ግጥሜን አነባለሁ። ድምፄንም እንዳዘዝከኝ ከፍ አድርጌዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ቋጠሮ ጋ ደረሱና ቆሙ። ሰፌዱን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። እኔ እኮ እያሰቡ ነው የመሰለኝ! ሸዋዓለም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ አፍራ ነው አልኩ። በዳሶ መሬት መሬት ያያል። ፈተናው ከብዶት ነው አልኩ። ሰው እንዲህ ይታወራል?

«አላወቃችሁም? እንግዲያ አገር ስጡኝ!» አልኩ እየሳቅሁ።

አዴ ዲንቄ የያዘችውን ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አልወረወረችውም፤ ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። «የቱን ልስጥሽ?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ አሁንም ጨዋታ ላይ ነኝ። «ሮቤን ስጪኝ!» አልኳት።

«እሱንማ አባትሽ ወስዶታል። በዚሁ ጠፍር» አለች።

ተክሌ፣ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። አንድም ሰው አልሳቀ፣ አንድም ሰው አልተቆጣ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሸዋዓለምን ሳመቻትና «አንቺ ምንም አላደረግሽም ልጄ» ብላት ከነሽማግሌዎቿ ወጣች። ያ ሁሉ ወጥ፣ ያ ሁሉ ጠጅ ሳይነካ አደረ። ያመጣችውን ማር እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።

ማታ ልጄ አፍርጣ ነገረችኝ። ከሮቤ በታች ያለው እርሻችን የአዴ ዲንቄ ባል እርሻ ነበር። ሲለካ ባልየውን ጫፉን ያዝ ብለው አስይዘውት የገዛ መሬቱን አብሮ እየጎተተ አስለኩት። ቀዩ ጨርቅ እየተቆጠረ ሲያልቅ መሬቱ የአባባ ሆኖ አደረ። እነሱ ወደ ጎሮ ተሰደዱ፣ ሰውየውም እዚያው ሞተ። በዳሶ ለሸዋዓለም ነግሯት ነበር። እናቱም የማን ቤት እንደምትመጣ እያወቀች ነው የመጣችው። «ልጄ ከወደዳት ያለፈው ይለፍ፣ እነሱም ያኔ ልጆች ነበሩ» ብላ ሆዷን አስችላ። እኛ ግን ቅቤ ቀብተን ጠበቅናት።

«በሌላ ገመድ ብያችሁ ነበር» አለችኝ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ቃል አትተነፍስልኝም። ወገቤ እየቆረጠኝ ሆስፒታል አልሄድኩም፤ በዳሶን በየትኛው ዓይኔ ልየው? ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጣሉ። እኔም ሽንኩርት ሳልገዛ እመለሳለሁ።

እህትህ ሠርከአዲስ


ጅቡቲ፤ ሰኔ 3 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ።

እትዬ፣ በጣም አዘንኩ። ነገር ግን ያን ያህል ራስዎን መጉዳት አይገባም እላለሁ። ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አባባ ቢሆኑ የለኩት ታዘው ነው፤ መሬቱንም የሰጣቸው መንግሥት ነው። እኛ ደግሞ ልጆች ነበርን፣ ቃላዱንም ከጨዋታ ሌላ በሥራ ላይ አይተነው አናውቅም። ሴትየዋ ትንሽ ሆደ ባሻ ሳትሆን አትቀርም። የንስሐ አባትዎንና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይላኩባትና ይቅር ትበል። እኔም ለሙሽራዋ የወርቅ ሐብል እገዛለሁ።

ግጥሙ ግን በራሱ እንዴት ነበር? ማለቴ፣ ነገሩ ባይበላሽ ኖሮ ያምር ነበር?

ወንድምዎ ተክለማርያም


ጎባ፤ ሐምሌ 1 ቀን 1951 ዓ.ም.

ተክለማርያም፣ ጤና ይስጥልኝ።

«ግጥሙ እንዴት ነበር» ትለኛለህ? አንተ ሰው፣ ሐፍረት የሚባል ነገር ባሕሩ ውስጥ ጣልከው እንዴ? «በጉልበት የማይመጣ» ያልከው አንተ አይደለህም? እኔ ያንን በዚያች ሴት ፊት፣ በዚያ ጠፍር ላይ ቆሜ እንደ አዝማሪ ጮኬ አነበብኩት። ልጆች ነበርን ትላለህ። የተማርክበት ደብተር፣ ያጠለቅከው ጫማ፣ ጅቡቲ ያደረሰህ ስንቅ ከየት የመጣ መሰለህ? ከሮቤ ገብስ ነው። እኔም እስከ ዛሬ የምበላው እሱን ነው። ሆደ ባሻ አትበላት። አትበላቸው ማለቴ ነው። አዎ፣ አንቱ ማለት ጀምሬአለሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማለህ።

ሽማግሌ ልኬ ነበር። አዴ ዲንቄ የመለሱት ይህን ነው፤ «ልጆቹን አልከለክልም፣ ይጋቡ። እኔ ግን ሠርጉ ላይ አልመጣም። የዚያ ቤት እህል ከዚያ እርሻ ነው፤ በጉሮሮዬ አይወርድም።» እናቱ የቀረችበት ሠርግ ምን ሠርግ ነው? ሸዋዓለም ይህን ሰምታ «እንግዲያ ይቅር» አለች። ልጄ በኔ አፍ ምክንያት ቆማ ልትቀር ሆነ።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ቃላዱን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ጎሮ ወረድኩ። ሰው አልላክሁም፤ ራሴ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበርና ሰዉ ሁሉ እያየኝ ደጃቸው ቆምኩ። «ይኼን ያቃጥሉት፣ ይጣሉት፣ እንዳሻዎ ያድርጉት» ብዬ ዘንቢሉን እግራቸው ሥር አኖርኩ። አዩኝ፣ አዩኝና «ነገ ሮቤ እንገናኝ፣ እርሻው ላይ» አሉኝ።

ተገናኘን። ገብሱ አሽቷል። ቃላዱን ከዘንቢሉ አወጡና ጫፉን ሰጡኝ። «ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። በገብሱ መሀል እየሄድን የመጀመሪያው ቋጠሮ ጋ ሲደርሱ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። ገብስ ነው አልኳቸው። «ደጃፌ ነው» አሉ። ሁለተኛው ጋ «ይኼስ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «በዳሶን የወለድኩበት ጎጆ ነው» አሉ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ያማቴ መቃብር ነው። ድንጋዩን ነቅለው አረሱት» አሉ።

እንባዬም እንኳ አፍሮ ቀረ።

ከዚያ ምን አሉኝ መሰለህ? በነሱም እንቆቅልሽ ደንቡ ያው ነው አይደል። «ሦስቱንም አላወቅሽም። እንግዲያ አገር ስጪኝ» አሉኝ። አልሳቁም።

«ይኼን ሰጠሁዎ» አልኩ። ሳላስበው ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን መልሼ መዋጥ አላሰኘኝም። «ከልብሽ ነው?» አሉኝ። «የኔ ድርሻ ከልቤ ነው። ግማሹ የወንድሜ ነው፣ ለሱ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ምን ትበያለሽ ብለህ አትጨነቅ፤ ሁለቱን የጓሮ ክፍሎች አከራያለሁ። ካንተ የምፈልገው ሐብል አይደለም፣ ጫማም አይደለም። ድርሻህን ለአዴ ዲንቄ መልቀቅህን ጽፈህ፣ ቆንስላው ጽሕፈት ቤት አስመስክረህ ላክልኝ። እንቆቅልሹን የሠራኸው አንተ ነህ፤ ጨርሰው።

እህትህ ሠርከአዲስ


ጅቡቲ፤ ነሐሴ 28 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ፣ አዲሱ ዘመን የደስታ ይሁንልዎ።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እትዬ፣ እርስዎ በሐዘን ላይ ሆነው የተናገሩትን ቃል ማንም ጨዋ ሰው አይይዝብዎትም። መሬት ከሰፌድ ሥር እንደሚወጣ ዕቃ አይደለም። ሕጉ አለ፣ ግብሩ አለ። እኔም እዚህ የማረጅ ሰው አይደለሁም፤ አንድ ቀን ተመልሼ የምቀመጥበት ብዬ የማስበው ሌላ ምን አለኝ? ስመጣ በአካል እንነጋገርበት። እስከዚያው ግን ገብሱን ለሴትየዋ ይስጧት፣ የኔንም ድርሻ ጨምረው። ሐብሉን በማሜ እጅ ልኬአለሁ፤ ከባድ ወርቅ ነው።

እባክዎ አይቆጡኝ። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም።

ወንድምዎ ተክለማርያም


ጎባ፤ ኅዳር 10 ቀን 1952 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለተክለማርያም።

እንደምን ከረምክ? ሠርጉ ሆነ። ሸዋዓለም የጎሮ ምራት፣ በዳሶም የኔ ልጅ ሆኗል፤ ወገቤንም ወግቶኛል። ሐብልህ ደርሷል። ልጅቷ ግን አላጠለቀችውም፤ ሣጥኑ ውስጥ፣ ቃላዱ በነበረበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ቃላዱን አዴ ዲንቄ ቆራርጠው የጥጃ ማሰሪያ አደረጉት። ቅቤ ስለጠጣ ለጥጃ አንገት ይመቻል አሉ።

ከሠርጉ በፊት የኔን ድርሻ አስረከብኩ። ሽማግሌዎቹ ከማሜ ሱቅ በገዛነው አዲስ ገመድ ለክተው ለሁለት ከፈሉት። አዴ ዲንቄም ሠርጉ ላይ መጡ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ከአንድ ትሪ በላን። ያመጡትንም የሪራ ማር ያን ቀን ከፈትኩት። እስኪ አስበው፣ እንዴት ያለ ደስታ እንደነበረኝ።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ በሰዉ ሁሉ ፊት የመሬቱን ነገር አነሣ። አዴ ዲንቄም ወደ እኔ ዞር ብለው «ወንድምሽስ ምን አለ?» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ላመሰግነው ብለው ነው። ደብዳቤህ መቀነቴ ውስጥ ነበር። «ሕጉ አለ፣ ግብሩ አለ» የሚለው ሆዴ ላይ እያሳከከኝ ነበር። ጎባም ሮቤም እኔን እያየኝ፣ ልጄ እያየችኝ፣ ወንድሜ እምቢ አለ ልበል? ባንተ አፈርኩ፣ ተክሌ። እኔ ባሳደግሁት ልጅ አፈርኩ። «ወንድሜም ሰጥቷል፣ ወረቀቱ በመንገድ ላይ ነው» አልኩ።

እልልታው አይጣል ነው። አዴ ዲንቄ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ስምህን ጠርተው መረቁህ። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልህ፦

«ተክለማርያም፣ ዓይኔ ያላየህ ልጄ። እኔ ክፉ ስጠብቅብህ ደግ ሆንክብኝ። የሰጠኸኝን ዋቅ እጥፍ አድርጎ ይመልስልህ። የረገጥከው መሬት ይወቅህ። በሰው አገር አትቅር። ደጄ ያንተ ደጅ ነው፤ በመጣህ ጊዜ አልጋህ ይነጠፋል፣ ወተትህ ይቀዳል። ዘመዴ ነህ።»

ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። እኔ ብቻ አሜን ማለት አቃተኝ።

ይኸው ምርቃትህ። እኔ ደብቄ ልይዘው አልችልም፣ ከበደኝ።

እህትህ ሠርከአዲስ


ጅቡቲ፤ የካቲት 21 ቀን 1952 ዓ.ም.

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታውን አላሳመርኩትም። ምርቃቱ እጄ ከገባ ወራት አለፉት። ለማንም አላነበብኩትም። አንድ ቀን ላነበው ጀምሬ «ክፉ ስጠብቅብህ» ከሚለው ማለፍ አልቻልኩም፤ የጠበቁት እኮ ልክ ነበር። እነዚያ ያገሬ ሰዎች እንቆቅልሹ እንዴት ሆነ ሲሉኝ፣ ፈቱት፣ እኔ ነኝ ያልፈታሁት ብያቸው ወጣሁ።

ድርሻዬን የለቀቅሁበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ቆንስላው ጽሕፈት ቤት ትናንት አስመስክሬዋለሁ። ሐብሉን ይሽጡትና ለአማታቸው መቃብር ድንጋይ ያስጠርቡበት፤ ከኔ ነው አይበሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አዴ ዲንቄ ማንበብ አይችሉ ይሆናል፤ በዳሶ ግን ያነባል። ወረቀቱን ሲሰጧቸው ከፊርማዬ ሥር ያለውን ቀን በጣትዎ ይሸፍኑልኝ።

ተክለማርያም